«ወንድሜ፣ ሎግህን እናስተካክልልሃለን»

ጥያቄዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትራክ ከሚነዱ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ስልኬን ብይዝስ?

ያስቀጣል። መብራት መጠበቅም በሕጉ መንዳት ነው።

በቤት መኪናዬ የፍጥነት ቲኬት ደረሰኝ። ጓደኛዬ «ትራፊክ ትምህርት ቤት ገብተህ አሰርዘው» አለኝ።

ጓደኛህ ሲዲኤል፣ የትራክ መንጃ ፈቃድ፣ የለውም መሰለኝ። የፌዴራሉ ሕግ ግዛቶች የሲዲኤል ባለቤትን ጥፋት ከመዝገብ እንዲሸፍኑ አይፈቅድም፤ በቤት መኪናም ቢሆን። በትራክ ከሆነማ ገደቡን በ15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ ከባድ ጥፋት ነው። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተፈረደብህ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ 120 ቀን ሲዲኤልህ ይታገዳል። ቲኬቱን ዝም ብሎ መክፈል ደግሞ ጥፋቱን እንደማመን ነው። ስለዚህ ሳትከፍል ሲዲኤል የሚያውቅ ጠበቃ አነጋግር። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ።

ከአንድ ቢራ በኋላ ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

ሕጉ ቢያንስ 4 ሰዓት ይላል። ሥራ ላይ ሆነህ አልኮል ከተገኘብህ ግን ለ24 ሰዓት ያስቆሙሃል። እየነዳህ የደምህ የአልኮል መጠን 0.04 በመቶ ከደረሰ ሲዲኤልህን ለአንድ ዓመት ታጣለህ። የቀረውን ሐኪም ይንገርህ።

ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸር የአገሬ ልጅ ነው። በሎጉ፣ በመንዳት ሰዓት መዝገቤ፣ ሰዓቴ ሲያልቅ «ወንድሜ፣ ሎዱ ጠዋት መድረስ አለበት፤ ሎግህን እናስተካክልልሃለን» ይለኛል። እምቢ ብል ሥራ የሚሰጠኝ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ከ10 ሰዓት እረፍት በኋላ 11 ሰዓት መንዳት፤ ያውም ሥራ ከጀመርክበት ደቂቃ አንስቶ በ14 ሰዓት ውስጥ። ሎጉን ከሩቅ የሚነካካው ሌላ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ተይዘህ የምትቆመው ግን አንተ ነህ። አደጋ ቢደርስማ የከሳሽ ጠበቃ የነዳጅ ደረሰኝህን ከሎግህ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። ያን ቀን «ወንድሜ» የሚልህ አይኖርም።

ከ2016 ጀምሮ ሾፌርን ሕግ እንዲጥስ ማስገደድ ራሱ ያስቀጣል። አንድ ነገር ግን ከአንተ ይጠበቃል፦ «ይህን ካደረግሁ የሰዓት ሕጉን እጥሳለሁ» ብለህ መናገር። በስልክ አትንገረው፤ በቴክስት ጻፍለት። ከዚያ በኋላ ካስፈራራህ፣ በ90 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የትራክ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኤፍኤምሲኤስኤ፣ በጽሑፍ ታመለክታለህ። እምቢ ስላልክ ካባረረህ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኦሻ፣ ክሰሰው። የሎጉን ፎቶ ዛሬውኑ አንሳ፤ ነገ ተቀይሮ ልታገኘው ትችላለህ።

መንገድ ላይ ተፈትሼ የተሰጠኝን የኢንስፔክሽን ወረቀት ብጥለውስ?

አትጣለው። ለካምፓኒህ ማስረከብ አለብህ።