በሺር ዌቭ የጉበት ጥንካሬ ስንለካ ቁጥሩ ለምን ይዋዥቃል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ፦ ሐዋሳ ባለ ክሊኒክ፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት የ42 ዓመት ታካሚ ጉበት በሺር ዌቭ (በጉበቱ ውስጥ የሚሄድን ማዕበል ፍጥነት ይዞ ጥንካሬን በሚለካ አልትራሳውንድ) ስድስት ጊዜ ተለክቶ 6.2፣ 7.0፣ 9.8፣ 11.4፣ 13.5 እና 14.1 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ፤ ሲጨምር ጉበቱ ደርቋል ማለት ነው) መጥቷል። አማካዩ 10.3 ስለሆነ ይህን ልጻፍ ወይ ነው የምትዪው።

አትጻፊው። በኢላስቶግራፊ፣ ማለትም በዚህ የጥንካሬ ልኬት፣ የሚጻፈው አማካይ ሳይሆን ሚዲያን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለው) ነው፤ ሚዲያኑም የሚታመነው ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ያንቺ ሚዲያን 10.6 ነው። አይኪውአሩ (የመካከለኛው ግማሽ ቁጥሮች ስፋት) ከ7.0 እስከ 13.5 ስለሆነ 6.5 ይሆናል፤ ለ10.6 ሲካፈል 61 በመቶ። በኪሎፓስካል ሲለካ ከ30 በመቶ፣ በሜትር በሰከንድ ሲለካ ደግሞ ከ15 በመቶ መብለጥ የለበትም። ገደቦቹ የተለያዩት ኪሎፓስካሉ የሚሰላው ከማዕበሉ ፍጥነት ስኩዌር ስለሆነ ነው፤ ፍጥነቱ ላይ ያለች ትንሽ ልዩነት እዚያ ትሰፋለች። ስለዚህ ታካሚው ሌላ ቀን ጠዋት ተመልሶ ይለካ።

ከምግቡ ጀምሪ። ከበላን በኋላ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ስለሚጨምር ጥንካሬው ከፍ ብሎ ይታያል፤ 4 ሰዓት ጾሞ ቢመጣ ጥሩ ነው። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ በሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው መናኸሪያ ላይ ሻይ በዳቦ ቀምሶ ሊሆን ይችላል፤ «ቁርስ በልተዋል?» ሲባል ግን «አልበላሁም» ይላል። «ከነጋ ምን ቀመሱ?» ብለሽ ጠይቂ።

ታካሚው በጀርባው ይተኛ፣ ወይም በትንሹ ወደ ግራ ያዘንብል፤ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ያድርግ፣ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ይከፈታል። ፕሮቡ (ሰውነት ላይ የሚያርፈው የማሽኑ እጀታ) የሚቀመጠው በቀኝ በኩል በጎድን አጥንቶች መካከል ነው። ግራውን የጉበት ክፍል (ሎብ) አትለኪ፤ የልብ ምት ያንቀሳቅሰዋል፣ የእጅሽ ጫናም ቁጥሩን ያሳድገዋል።

አሁን ወደ ትንፋሹ። ቁጥሮችሽ እንዲህ የተበታተኑት በዚህ ይመስለኛል። ለተለመደው የሆድ አልትራሳውንድ «በደንብ ወደ ውስጥ ስበው ያዙ» ማለት ለምደናል፤ ጉበቱ ከጎድን አጥንት በታች ወርዶ ጥሩ ስለሚታይ። ለኢላስቶግራፊ ግን ይህ ልማድ ጎጂ ነው። ጥልቅ ትንፋሽ በጉበት ደም መላሾች ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ቁጥሩ ይወጣል። አንዱን ልኬት ሙሉ ትንፋሽ ላይ፣ ሌላውን ግማሽ ላይ ከወሰድሽ 7 እና 13 ከአንድ ጉበት ይመጣሉ። «እንደወትሮው ይተንፍሱ… ያስወጡ… እዚያው ላይ ያቁሙ» በዪ። ከመለካትሽ በፊት ሁለት ሦስቴ አለማምጂው፤ 5 ሰከንድ መያዝ ለአብዛኛው ሰው አይከብድም።

ቀጥሎ ሳጥኑ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ጥንካሬው በቀለም የሚታይበት ቦታ። የጉበቱ ካፕሱል (ሽፋን) በስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ሆኖ አግድም እስኪተኛ ፕሮቡን አስተካክዪ፤ ጨረሩ ካፕሱሉን በቀጥታ መምታት አለበት። የመለኪያው ቦታ ከካፕሱሉ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ሪቨርበሬሽን (ድምፁ ደጋግሞ ሲንጸባረቅ የሚፈጠር የሐሰት ምስል) ይገባበታል፤ ከካፕሱሉ ሥር ያለው፣ ጠንካራ የሚመስለው ቀይ ሰንበር ፋይብሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) አይደለም። ከፕሮቡ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ያለው ጥልቀት ምርጡ ነው፤ ከ6 እስከ 7 ካለፈ ማዕበሉን የሚፈጥረው የግፊት ምት ይደክማል። ደም ሥር፣ የሐሞት ቱቦና እብጠት ከሳጥኑ አስወጪ። ቀለሙ ሦስት አራት ሰከንድ እስኪረጋ ጠብቀሽ ምስሉን ፍሪዝ አድርጊ (አቁሚው)። ቀለሙ ወጥ በሆነበት ቢያንስ 10 ሚሊሜትር የሆነ ክብ አስቀምጪ። ቀለሙ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ምስል ጣዪው እንጂ አትለኪበት። ማሽንሽ የጥራት ካርታ ካለው 5 ጥሩ ልኬት ይበቃል፤ በአንድ ነጥብ ብቻ የሚለካ ከሆነ 10 ውሰጂ።

ሁሉም ተስተካክሎም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፣ ፋይብሮሲስ ሳይኖር። ኤኤልቲው (በደም የሚለካ የጉበት ኢንዛይም) ከመደበኛው ጣሪያ 5 እጥፍ ካለፈ ብግነቱ ራሱ ጉበቱን ያደነድነዋል፤ እስኪበርድ ይጠበቅ። ሄፓቲክ ቬይኖቹና አይቪሲው (ከጉበት ወደ ልብ ደም የሚመልሱት ሥሮች) ሰፍተው ካየሽ ልቡን አስቢ። የሐሞት ቱቦ መዘጋትም እንዲሁ።

ለትርጉሙ፣ በሺር ዌቭ በቫይራል ሄፓታይተስ የሚሠራበት የ2020 የራዲዮሎጂስቶች ስምምነት በኪሎፓስካል ይህን ይላል፦ እስከ 5 መደበኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሌላ ምልክት ከሌለ ከ9 በታች የከፋ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታን ያስቀራል፤ ከ9 እስከ 13 ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል፤ ከ13 በላይ በሽታውን ያረጋግጣል፤ ከ17 በላይ ፖርታል ሃይፐርቴንሽንን (ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ ደም ሥር፣ በፖርታል ቬይን፣ ውስጥ ያለ ከፍተኛ ግፊትን) ያስጠረጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ለሄፓታይተስ ቢ ያወጣው የ7 እና የ12.5 ገደብ ለፋይብሮስካን ዓይነት (ከውጭ በሚሰጥ ንዝረት ለሚለካ) ማሽን ነው፤ አትቀላቅዪው። ከጎኑ ኤፕሪ (ከደም ምርመራ የሚሰላ የፋይብሮሲስ ነጥብ) አስዪ፦ ኤኤስቲው (ሌላው የጉበት ኢንዛይም) ለላቦራቶሪው ጣሪያ ተካፍሎ፣ ለፕሌትሌት (የደም መርጊያ ሕዋሳት ቁጥር፣ በሺህ) ተካፍሎ፣ በ100 ይባዛል። ኤኤስቲ 48፣ ጣሪያው 40፣ ፕሌትሌት 160 ከሆነ 0.75 ነው፤ ከ0.5 በላይ ስለሆነ ትኩረት ይፈልጋል።

ሐዋሳ ላይ ለምንሠራ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከሐይቁ ዳር የሚኖር፣ በተለይ ዓሣ አጥማጅ ሲመጣ ቢልሃርዚያን አትርሱ። ጠባሳው በፖርታል ቬይን ቅርንጫፎች ዙሪያ ስለሆነ በመካከል ያለው የጉበት ሥጋ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ቁጥሩም መደበኛ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። በ6 ኪሎፓስካልም የፖርታል ግፊቱ ጨምሮ ደም የሚያስታውክ ሰው አለ። የፖርታል ቅርንጫፎቹ ግድግዳ ወፍሮ ነጭ ከሆነ፣ ጣፊያው ካበጠ፣ ፖርታል ቬይኑ ከ13 ሚሊሜትር ካለፈ፣ ቁጥሩ አነስተኛ ነው ተብሎ ኢንዶስኮፒ (ጉሮሮንና ጨጓራን በካሜራ ማየት) እንዳይቀርበት በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፉ።

ሪፖርቱ ላይ የማሽኑ ዓይነት፣ የልኬቱ ብዛት፣ ሚዲያኑ፣ የአይኪውአሩ በመቶኛና ታካሚው ስንት ሰዓት እንደጾመ ይግባ። የሚቀጥለው ክትትል በዚያው ማሽን ይሁን፤ በሌላ ማሽን የተለካን ቁጥር ማወዳደር ያሳስታል። እንደገና ስትለኪ የታካሚውን ስም ከምስሉ ላይ አጥፍተሽ ሁሉንም ልኬት ለጥፊልን፤ የሳጥኑን አቀማመጥ አብረን እናየዋለን።