እጅ ለሚመታ ሪቮልቨር ሽጉጥ ምን ዓይነት እጀታ?

አብሽር ወንድሜ፣ መላ አለው። ከአባትህ የተላለፈልህ ባለፈቃድ ሪቮልቨር ሲተኮስ የመሃል ጣትህን እንደሚመታህ፣ ደሴ ላይ የወይራ እጀታ ልታሠራለት እንዳሰብክም ጽፈሃል።

ከሁሉ በፊት ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበትን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ክፈትና ጥይቱን አውጣ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣትህም ዳስሳቸው።

የሚመታህ ምላጩን የሚከልለው ቀለበት ነው። የድሮዎቹ ቀጫጭን እጀታዎች ከቀለበቱ ጀርባ ያለውን ክፍተት አይሞሉትም። ስትተኩስ ቀለበቱ ወደ ኋላ ይመጣና የመሃል ጣትህን አንጓ ያገኘዋል። ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላ እጀታ ይሁን። እኔ ከውበቱም ከእንጨቱም ይሄን አስቀድማለሁ።

ወይራ ጠንካራ ነው፣ ያምራልም። ግን ግፊቱን አያበርድልህም፤ በጣም ከለሰለሰ ደግሞ በላብ ያንሸራትታል። ላስቲክ ያበርዳል፣ ልብስ ግን ይይዛል። ብዙ የምትተኩስ ከሆነ ላስቲክ ይሻልሃል። የጣት ቦይ ያለውን ተወው፤ ጣትህ ከቦዩ ካልገጠመ ጉብታው ላይ ያርፍና ያሰቃይሃል።

ስትጨብጠው ሌባ ጣትህ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ከደረሰ ልክህ ነው። እጀታው በግራ በኩል ከላይ ትንሽ ጎድጎድ ይበል፤ አለበለዚያ የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀለህ ሲወጣ ይሰነቀርብሃል።

አናጢው ዘንድ መሳሪያውን ይዘህ አትሂድ። የድሮውን እጀታ ፈተህ ብቻ ስጠው፤ ለልኬት ይረዳዋል።