«ሰለምቴ» እስከ መቼ? ከቱሉ ዲምቱ የጀማሪዎች ትምህርት የተሰበሰበ ጥያቄና መልስ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በምንሰጠው የጀማሪዎች ትምህርት ላይ ጥያቄያችሁን በብጣሽ ወረቀት ጻፉ ብለን ነበር። የውዱእና የሶላት ጥያቄ ይበዛል ብዬ ስጠብቅ፣ የበዛው ስለ መጠሪያ ሆኖ ተገኘ። እስልምናን የተቀበለ ሰው ምን ይባላል? ማን ይበለው? እስከ መቼስ? ሙስሊም ካልሆኑ ጎረቤቶቻችን የመጣም ወረቀት አለበት። የጠያቂ ስም አልጠቅስም። ዑለማዎች የተለያዩበት ጉዳይ ሲመጣ መለያየታቸውን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ኡስታዝ፣ «ሰለምቴ» ስድብ ነው እንዴ? አንዳንዱ ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ አንዳንዱ ሲለኝ ይቆጠቁጠኛል።

ስድብ አይደለም። ሰለመ፣ ሰለመች፣ ሰለምቴ፤ ሥሩ ዐረብኛው «አስለመ» ነው፣ ራሱን ለአላህ ሰጠ ማለት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ከዚሁ ሥር «ሲሊሙ» ይላሉ። የሚቆጠቁጥህ ቃሉ ሳይሆን አባባሉ ነው። «ሰለምቴ ወንድማችን መጥቷልና ጠጋ በሉለት» ያለህና «ተወው፣ ሰለምቴ ነው፣ ምን ያውቃል» ያለህ ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተናግረዋል። ሁለተኛውን ስትሰማ ብትቀየም እውነት አለህ።

ጥያቄ፦ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አዲስ የሰለመ ሰው የተለየ ስም ነበረው?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ትንሽ ልቆይበት። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት የሚኖረው መጠሪያ አልነበረም። «እገሌ ሰለመ» ይባላል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው በስሙ ይጠራል። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ በኡሑድ ጦርነት ሙስሊሞችን የወጋ ሰው ነው። የሰለመው በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ጦር መርቷል። ከእሱ ጋር ስሙ የሚነሳው ዐምር ኢብኑል ዓስ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው የሚጥም ታሪክ አለው። በሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) መጻሕፍት እንደተዘገበው፣ ዐምር መዲና ሳይደርስ በፊት እዚሁ ሐበሻ ምድር በንጉሡ በነጃሺ እጅ ለመስለም ቃል ገብቷል። ዑለማዎች «በታቢዒይ እጅ የሰለመ ሰሓባ ማን ነው?» (ሰሓባ ነቢዩን ያገኘ ባልደረባ፣ ታቢዒይ ደግሞ ነቢዩን ሳይሆን ሰሓቦችን ያገኘ ሙስሊም ነው) እያሉ እንቆቅልሽ የሚጠያየቁት ከዚህ ተነስተው ነው። ነጃሺ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በአካል ስላላገኙ ከታቢዒዮች ይቆጠራሉ። አቡ ሁረይራም ቢሆን የመጣው በ7ኛው ዓመት ነው። ብዙ ሐዲስ በማስተላለፍ ግን የሚስተካከለው ሰሓባ የለም፤ «ዘግይቶ የመጣ» ብሎ ሐዲሱን የመለሰበት አልነበረም።

የተለየ ስም የሰጧቸው ጠላቶቻቸው ናቸው። ቁረይሾች የሰለመን ሰው «ሳቢእ» ይሉት ነበር፣ ከአባቶቹ ሃይማኖት ያፈነገጠ ለማለት። ዑመር ሲሰልም መካ ውስጥ የተለፈፈው በዚሁ ቃል ነው። ይህ ቃል በኋላ ደም አፍስሷል። በ8ኛው ዓመት ኻሊድ ወደ በኑ ጀዚማ ጎሳ ተልኮ ወደ እስልምና ሲጠራቸው፣ «አስለምና» (ሰለምን) ማለቱ አልሆነላቸውምና «ሰበእና፣ ሰበእና» (ሳቢእ ሆንን) አሉ። መስለማቸውን መናገራቸው ነበር፤ የሚያውቁት ቃል ግን ከቁረይሽ አፍ የለመዱት ብቻ ነው። ኻሊድ አልተቀበላቸውም፣ ከእነሱ ሰዎች ገደለ። ወሬው ሲደርሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው «አላህ ሆይ፣ ኻሊድ ከሠራው ሥራ ንጹሕ መሆኔን ላንተ እገልጻለሁ» ብለው ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ሐዲሱ ቡኻሪ ውስጥ አለ። ኋላም ዐሊይን ልከው የደም ካሳ ከፈሉ። ሸሃዳ (የእስልምናን የምስክርነት ቃል) የያዘውን ሰው በቃል አጠራሩ ለምታሳቅቁ ወገኖች ይህን ታሪክ ደጋግሜ የምተርከው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ (አንዲት እናት በጎረቤት ልጅ እጅ የላኩት) ልጄ ሰልሟል። ሰፈሩ «ካደ» ይላል። እኔ ግን ማለት አቃተኝ። ሲጠይቁኝ ምን ልበል?

እናቴ፣ ጥያቄዎን ስለላኩልን እናመሰግናለን። ለአፍዎ የቀለለዎትን ይበሉ። «ሰለመ» ወይም «ሙስሊም ሆነ» ብንባል አንቀየምም። «እስላም ሆነ» የሚለውም የድሮ አማርኛ ነው፣ ክፋት የለበትም። ዛሬ ሰውየውን ሙስሊም፣ ሃይማኖቱን እስልምና ማለት ተለምዷል። «ካደ»ን ሌላ ሰው ሲናገረው ባይቀበሉት ደስ ይለናል። እኛም ስለ እርስዎ እምነት ስናወራ አፋችንን መጠበቅ ይገባናል፤ ይህን የምለው እዚህ ክፍል ያሉት እንዲሰሙም ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከሰለምኩ ወዲህ አዲስ ድስት ገዝታ ለብቻ ታበስልልኛለች። ጓደኞቼ ግን እሷ ቤት መብላት ተው ይሉኛል።

እናትህ ባለፈው የላኩልን ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ብቻ ለልጃቸው ድስት የለዩ እናት ክብር ይገባቸዋል። በአገራችን የሥጋው ጉዳይ ከባድ ድንበር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሌላውን እርድ አይበላም። ከቁርኣን አል-ማኢዳ 5 የመጽሐፉን ሰዎች (የአይሁድና የክርስቲያኖችን) ምግብ እንደሚፈቅድ ታውቃለህ፤ የአገራችን ሙስሊም ግን በልማዱ ተጠንቅቆ ኖሯል። እኔም ከዚህ ልማድ ጋር አላጋጭህም። ሥጋው ይቅር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ምን አደረገ? በጾም ወራትማ ከእናትህ ማእድ የሚያርቅህ አንድም ነገር የለም። ሉቅማን 15 ወላጆችህ ሽርክ (በአላህ ማጋራት) እንድትሠራ ቢታገሉህ እንኳ አትታዘዛቸው፣ ግን በዚህ ዓለም በመልካም ተወዳጃቸው ይላል። የአቡበክር ልጅ አስማእ ሙስሊም ያልሆነች እናቷ ስትመጣባት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች፣ «እናትሽን ዘይሪ፣ ዝምድናሽን ቀጥዪ» አሏት። ጓደኞችህን ይህን ንገራቸው። ከዚያ ሂድና ብላ።

ጥያቄ፦ «ሪቨርት» የሚሉ አሉ፣ «ተመለሰ» ማለት ነው። ከ«ሰለመ» ይሻላል?

ሐሳቡ ከታወቀው ሐዲስ የመጣ ነው፦ ማንኛውም ሕፃን በፊጥራ (በንጹሕ ተፈጥሮው) ይወለዳል፣ አይሁዳዊ ወይም ክርስቲያን ወይም መጁስ (እሳት አምላኪ) የሚያደርጉት ወላጆቹ ናቸው። ስለዚህ የሰለመው ወደ ነበረበት ተመለሰ ይላሉ። ሐዲሱ ትክክል ነው፣ መጠሪያው ግን ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች የተወሰደ ነው። ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ «ሙአለፍ» ይላሉ፣ ቱርኮች «ሙህተዲ»። የእኛ «ሰለምቴ» ከየትኛውም አያንስም። እዚህ ሰፈር እናት ፊት «ልጅሽ ወደ ቤቱ ተመለሰ» ማለት ደግሞ ቤቷን ቤት አይደለም እንደማለት ይሰማታል። አስቡበት።

ጥያቄ፦ ከሙስሊም ቤተሰብ ነው የተወለድኩት፣ ሶላት የጀመርኩት ግን አምና ነው። እኔም ሰለምቴ ነኝ?

አይደለህም። ተውበት (ንስሐ) ያደረግህ ነህ፣ አላህ ይቀበልህ።

ጥያቄ፦ ስሜን የግድ መቀየር አለብኝ? አባቴ ስሙን ብጥለው ይረግመኛል።

የአባትህን ስም ማን ጣል አለህ? አል-አሕዛብ 5 ሰዎችን በአባቶቻቸው ጥሯቸው ይላል። ሰልመህም የአባትህ ልጅ ነህ። አንዳንድ ሰው ሸሃዳ በያዘ ማግስት «ኢብን ዐብዱላህ» (የዐብዱላህ ልጅ) እያለ ሲፈርም አያለሁ፤ ይህ ዕውቀት የሌለው ችኮላ ነው።

የራስህን ስም በተመለከተ ግዴታው ትርጉሙ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ዓሲያ» (አመጸኛ ማለት ነው) የተባለችን ሴት «ጀሚላ» አሏት። የአቡ ሁረይራ የቀድሞ ስም «የፀሐይ ባሪያ» ማለት እንደነበር በስፋት ይነገራል፣ እሱም ተቀይሯል። ቢላል ግን ቢላል እንደሆነ ኖረ፤ አብዛኞቹ ሰሓቦችም በነበረ ስማቸው ነው የቀጠሉት። አበበ፣ ታደሰ፣ አልማዝ፣ ሰናይት ምንም አይሉም። ገብረ ሥላሴን የመሰለ፣ ባርነትን ከአላህ ሌላ የሚሰጥ ትርጉም ያለው ስም ሲሆን ይቀየራል። አንድ ወንድም «ገብረ እግዚአብሔርስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ዐረብኛ ብትገለብጠው ዐብዱላህ ነው፣ ምን ልበለው? የመረጠውን ይያዝ አልኩት። መስጂድ ውስጥ የሚጠሩህ ስምና መታወቂያህ ላይ ያለው ስም ቢለያዩ ኃጢአት የለበትም። በሕግ መቀየር ከፈለግህ ግን በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የትምህርት ማስረጃህ፣ የባንክ ደብተርህ፣ የቤት ውልህ ሁሉ በአሮጌው ስም እንደሚቀር ቀድመህ አስብ። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ይህን ሲሰማ ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን ያነሳል።

ጥያቄ፦ ከሰለምኩ ዓመታት አልፈዋል። ቁርኣን አኽትሜያለሁ (ቀርቼ ጨርሻለሁ)፣ ልጆችን ቁርኣን አስተምራለሁ። አሁንም ሲያስተዋውቁኝ «ሰለምቴዋ» ነው። ለትዳር ሲጠይቁኝም «ሰለምቴ ናት፣ ቤተሰብ የላትም» ይባላል።

እህቴ፣ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም ይደክመኛል። አል-ሑጁራት 11 በማይወዱት ስም መጠራራትን ይከለክላል፣ ከእምነት በኋላ ሰውን በክፉ ስም መጥራት ምን ይከፋ ይላል። ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) ከሚጠቅሷቸው ትርጓሜዎች አንዱ የሰለመን ሰው «አንተ አይሁድ፣ አንተ ክርስቲያን» እያሉ ባለፈ ሃይማኖቱ መጥራት ነው። የነቢዩ ባለቤት ሶፍያ ቢንት ሑየይ ከአይሁድ ቤተሰብ ነበረች፤ ከሌሎቹ ባለቤቶቻቸው አንዷ «የአይሁድ ልጅ» ብላ ስታስለቅሳት፣ እሳቸው «አንቺ የነቢይ ልጅ ነሽ፣ አጎትሽ ነቢይ ነው፣ በነቢይ ሥርም ነሽ፤ በምን ትኮራብሻለች?» አሏት። ይህን ቲርሚዚ ዘግቦታል።

ስንት ዓመት ሲሞላ ይቀራል ብትዪኝ በሸሪዓ የተቆረጠ ጊዜ የለም። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ «ሰለምቴ» ለአጋዥ የተነገረ ምልክት ነው፤ ይህች ሰው አስተማሪ፣ ማደሪያ፣ ሰው ያስፈልጋታል የሚል። እርዳታው ሲያበቃ ምልክቱም መነሳት አለበት። አንቺ ስለ ራስሽ መናገር ከፈለግሽ የአንቺ ታሪክ ነው፣ ተናገሪው። ሌላው ሰው ግን አንቺን «ኡስታዛ» ከማለት ውጪ ሥራ የለውም። ይህ ነገር አዲስም አይደለም። በኡመያዎች ዘመን ዐረብ ያልሆኑ ሙስሊሞች «መዋሊ» እየተባሉ ዝቅ ተደርገዋል፣ ሰልመውም ጂዝያ (ሙስሊም ካልሆነ ሰው የሚወሰድ ግብር) የተጠየቁ ነበሩ፤ ይህ እንዲቀር ያዘዙት ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ናቸው (ከ717 እስከ 720 እ.ኤ.አ. የገዙት)።

በትዳሩ አንድ ነገር አስጠንቅቅሻለሁ። አባትሽ ሙስሊም ካልሆኑና ከዘመድሽ ሙስሊም ወንድ ከሌለ ወልይሽ (በኒካሕ የሚወክልሽ) ቃዲው ነው። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ታወቀ ኢማም ሂጂ። «ወልይ እሆንሻለሁ» ብሎ በስልክ የሚያግባባሽን ሰው አትስሚ። በዚህ በኩል የተጎዱ እህቶች አሉ።

ጥያቄ፦ «ሰለምቴ ነህ፣ ዘካ ይገባሃል» ተባልኩ። ደመወዝ አለኝ፣ አፈርኩ።

አት-ተውባ 60 ዘካ የሚሰጣቸውን ስምንት ክፍሎች ሲዘረዝር «ልቦቻቸው የሚለማመዱ» የሚላቸው አሉ፣ እንዲሰጥህ ያሰቡት ከዚያ ተነስተው ነው። ዑመር በአቡበክር ዘመን ለአንዳንድ የጎሳ አለቆች ይሰጥ የነበረውን አስቁመዋል፤ ከፊቅህ (የሕግ) መዝሀቦች ሐነፊዮች ይህ ድርሻ ቀርቷል ሲሉ፣ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች አልቀረም ይላሉ። ካልቸገረህ «ለተቸገረ ስጡልኝ» በል፣ ማንም አይቀየምህም። ከቤት ተባርሮ ፍራሽ እንኳ የሌለው ሰለምቴ በዚህ ክፍል ውስጥ አለ። ሰጪዎችም፣ ዱቄት አስይዛችሁ ፎቶ አታንሷቸው። ልብን ማለማመድ ተባለ እንጂ ማሸማቀቅ አልተባለም።

ጥያቄ፦ ሸሃዳ ስይዝ በስልክ ቀረጹኝ። ቤተሰቤ ከእኔ ሳይሆን ከቲክቶክ ሰማ።

ይህ ሊደረግ አይገባም ነበር። ሸሃዳ ካሜራ አይፈልግም፤ ብቻህን ከልብህ ብትለውም አላህ ዘንድ ሙስሊም ነህ። የሰው መኖር ለምስክርነትና ለማስረጃ ነው። አጥፉልኝ ብለህ የመጠየቅ መብት አለህ፣ ካፈርክ እኔ እጠይቅልሃለሁ። ለቤተሰብህ መቼና እንዴት እንደምትነግር የምትወስነው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ልጆቼስ «የሰለምቴ ልጅ» ይባላሉ?

በዚያ ሒሳብማ የሰሓባ ልጆች በሙሉ የሰለምቴ ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ዑምራ ላስብ ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም የክርስቲያን ስም ነው። ችግር አለው?

ስምህ የሙስሊም ስም ካልመሰለ ሙስሊም መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ ልትጠየቅ ትችላለህ። ለአካባቢህ መጅሊስ አመልክት። ሸሃዳ ስትይዝ የነበሩ ሁለት ምስክሮችን፣ የሚያውቅህን ኢማምና መታወቂያህን ይዘህ ሂድ። ማስረጃው ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርትህ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዚያው ቆመህ አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው የሚመላለሰው በዚህች ነው። የውዱእና የሶላት ወረቀቶችን ለመጪው እሁድ አቆይቻቸዋለሁ።