«ባንክ» ገንዘብ ቤት ብቻ ነው? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጥያቄና መልስ

ባንክ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው በገንዘቡ በኩል ነው። ወንዝ ዳርም፣ የአውሮፕላን ማዘንበልም፣ የተዳፈነ እሳትም፣ የሊፍቶች ረድፍም በዚሁ ቃል ሲጠሩ ግን ተማሪም ተርጓሚም ይሳሳታል። የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የወንዙ ባንክና የገንዘቡ ባንክ አንድ ቃል ናቸው ወይስ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ?

ከአንድ ሥር የበቀሉ ዘመዶች ናቸው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡት ግን በተለያየ በር ነው። ሥሩን ለመረዳት ከእኛ ቤት መደብ የተሻለ ምሳሌ የለም። መደብን ልብ ብለው ይዩት፦ ግድግዳ ተደግፎ ከወለሉ ከፍ ብሎ የተዘረጋ የጭቃ ቁልል ነው። እንደ አፈር ካዩት ጉብታ ነው፤ እንደ ዕቃ ካዩት መቀመጫ ነው። የጥንቶቹ የጀርመን ዘር ቋንቋዎች ቃልም እንዲሁ ሁለት ፊት ነበረው።

የጉብታው ፊት ወደ እንግሊዝ የመጣው ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ሳይሆን አይቀርም፤ በጽሑፍ ከ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ይታያል። ከፍ ያለ የወንዝ ዳር፣ የአፈር ቁልል፣ የበረዶ ክምር፣ ባሕር ውስጥ ያለ የአሸዋ ጉብታ ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው። የመቀመጫው ፊት ደግሞ ወደ ጣሊያን ሄዶ ባንኮና ባንካ ሆነ። ገንዘብ መንዛሪዎች ገበያ ላይ ሳንቲማቸውን ዘርግተው የሚሠሩበት አግዳሚ ጠረጴዛ ስም ነበር፤ ከዚያ ስሙ ከጠረጴዛው ወደ ሥራው ተላለፈ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛ ወሰደው። ሦስተኛው በር ፈረንሳይኛ ነው፦ በመርከብ ላይ ቀዛፊዎች ተደርድረው የሚቀመጡበት አግዳሚ። «ረድፍ» የሚለው ትርጉም የወጣው ከዚህ ነው። መዝገበ ቃላት ባንክን በሁለት ወይም በሦስት የተለያየ ቁጥር የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ የሕትመት ስህተት እንዳይመስልዎት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቤንችስ? አግዳሚ ወንበር ማለት አይደል?

የዚሁ ሥር የእንግሊዝኛ የራሱ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ እንደ «ኢ» እና «ኤ» ካሉ የፊት አናባቢዎች አጠገብ የነበረውን «ክ» ወደ «ች» ለውጦታል፤ የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች «ክ»ን ጠብቀዋል። እንግሊዞች ቤተ ክርስቲያንን ቸርች ሲሉ ስኮትላንዶች ከርክ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኛም እንግዳ ለውጥ አይደለም፦ ግእዝ ለሴት «ቤትኪ» ያለውን አማርኛ «ቤትሽ» ያደረገው ያው «ኢ» ነው። ቤንች ዳኞችንም በጅምላ ይጠራል፤ እኛም በነገሥታቱ ዘመን ዳኞቹን ወምበር እንል ነበር።

ጥያቄ፦ የቡና ቤቱ ባንኮኒ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በትክክል! ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህንን ነው። ባንኮኒ ከጣሊያንኛው ባንኮኔ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ትልቅ ባንኮ፣ ማለትም ሻጭና ገዢን የሚለየው ረጅም መደርደሪያ ነው። ስለዚህ አማርኛ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ቃል ወስዷል ማለት ነው። ጣሊያኖች ባንኮን አሳንሰው ባንኬቶም ብለዋል፤ የእንግሊዝኛው ባንክዌት፣ ትልቁ ግብዣ፣ የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ቀለል ያለ መክሰስን ነበር የሚያመለክተው። በአገራችን «ባንክ» በሚል ስም የተከፈተው የመጀመሪያው ተቋም ደግሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም.፣ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ነው፤ ዛሬ ስሙን ከያዘው የግል ባንክ የተለየ ነው።

ጥያቄ፦ ባንክራፕት ከተሰበረ ጠረጴዛ የመጣ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ቃሉ እውነት ነው፦ ባንካ ሮታ፣ የተሰበረ ጠረጴዛ። የከሰረውን መንዛሪ ጠረጴዛ ገበያ መሃል ይሰብሩት ነበር የሚለውን ታሪክ ግን ማስረጃ አታድርጉት፤ ስብራቱ በምሳሌ ብቻ ሊነገር ይችላል። በመጨረሻው ላይ ያለችው «ፕ» ከላቲን ሩፕቱስ ጋር ለማስመሰል የገባች ናት። ለተርጓሚ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ በእንግሊዝ ሕግ ባንክራፕት የሚባለው ግለሰብ ብቻ ሲሆን ኩባንያ በሌላ ሥርዓት ይፈርሳል፤ በአሜሪካ ግን ለሁለቱም ይሠራል።

ጥያቄ፦ አንድ ልብወለድ ውስጥ እናትየዋ ከመተኛቷ በፊት እሳቱን «ባንክ አደረገች» ይላል። «አከማቸች» ብዬ ተረጎምኩት፤ ልክ ነኝ?

አይደለም እህቴ፤ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ዳፈነች። ቃል በቃል የሚገጥም ትርጉም በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ስለሆነ አያባክኑት። ድርጊቱም አንድ ነው። ነበልባሉ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር ፍሙ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከላዩ ሁለት ሦስት ጣት የሚሆን ደረቅ አመድ ይለበሳል። አየር ስለሚያጥረው ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ ጠዋት አመዱ ተገፍቶ ጭራሮ ተደርጎበት እፍ ሲባል ይያያዛል። ፍሙ ተበትኖ ከቀረ ሙቀቱን አጥቶ ይሞታል፤ አመዱ ከሳሳ ሳይነጋ ያልቃል፤ አመዱ እርጥብ ከሆነ ያጠፋዋል። (በዝግ ቤት የተዳፈነ ከሰል አጠገብ መተኛት ግን ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።) ቃሉ የመጣው ከጉብታው ነው፤ አመዱ ይቆለላልና።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ባንክ ሲያደርግስ?

ወደ ጎን ማዘንበል ነው፤ ክንፎቹ የጉብታ ጎን እንደሚያዘቀዝቅ ይጋደላሉ። ሲጋደል ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ከፊሉ ወደ መታጠፊያው ይሄዳል፤ ከፍታውን ላለማጣት ክንፉ የበለጠ መሸከም አለበት። በ30 ዲግሪ ሸክሙ 1.15 እጥፍ ነው፤ በ60 ዲግሪ 2 እጥፍ፤ 70 ኪሎ የሚመዝነው ሰው 140 የሆነ ያህል ይሰማዋል። ክንፉ መሸከም የሚያቅተው ዝቅተኛ ፍጥነትም በ60 ዲግሪ 41 በመቶ ያድጋል፤ ለማረፍ ፍጥነቱን ቀንሶ ሳለ በደንብ የሚጋደል አብራሪ አደጋ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ስትተረጉሙ «ወደ ግራ አዘነበለ» በሉ፤ «ታጠፈ» ብቻ ማለት መጋደሉን ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «ዌስት ባንክ» ስሰማ የገንዘብ ባንክ ይመስለኝ ነበር።

የዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ማለት ነው። ዐረብኛውም ዕብራይስጡም የወንዝ ዳርን የሚያመለክት ቃል ነው የሚጠቀሙት፤ አማርኛም «ዳር»ን አያጣም፣ ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችው በዚያ ነውና። የወንዝ ቀኝና ግራ ዳር ሲባል ደግሞ ወንዙ ወደሚፈስበት ዞረው ይቁሙና በእጅዎ ይለዩ፤ ዮርዳኖስ ወደ ደቡብ ስለሚፈስ ምዕራቡ ቀኝ ዳር ይሆናል። በሰሜን ባሕር ያለው ዶገር ባንክም ጥልቀት የሌለው የባሕር ወለል ጉብታ ነው፤ ዓሣ ይጠመድበታል እንጂ ገንዘብ አይቀመጥበትም።

ጥያቄ፦ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በቶሎ እንዴት ልለይ?

በመጀመሪያ ስም ነው ወይስ ግስ የሚለውን ይዩ። ስም ሆኖ «ባንክ ኦፍ» ካለ የሚከተለውን ያንብቡ፦ የአገር ስም ከሆነ ተቋም፤ እንደ ጉም፣ ደመና፣ በረዶ ያለ የማይቆጠር ነገር ከሆነ ክምር፤ እንደ ሊፍት ወይም ማብሪያ ያለ በብዙ ቁጥር የመጣ ዕቃ ከሆነ ረድፍ። ግስ ከሆነ ከኋላው ያለችው ትንሽ ቃል ትወስናለች፦ ከ«ኦን» ጋር ተማመነ፣ ከ«ዊዝ» ጋር ሒሳብ ከፍቶ ደንበኛ ሆነ፣ ከ«አፕ» ጋር ቆለለ። «ብሬክ ዘ ባንክ» መነሻው ቁማር ነው፤ የአጫዋቹን ገንዘብ ሁሉ አሸንፎ መጨረስ። ዛሬ በአሉታ ሲመጣ «ኪስ አይጎዳም» ቢሉት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ «ባንክ ሆሊደይ» የሚባለው የባንክ ሠራተኞች በዓል ነው?

የሁሉም በዓል ነው። በ1871 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ባንኮች የሚዘጉባቸውን ቀኖች ሲወስን ሌላው ሥራም አብሮ መዘጋት ጀመረ፤ ስሙ ግን በባንኩ ቀረ። «የሕዝብ በዓል» ብለው ይተርጉሙት።