ከሐረጎ ዳገት እስከ ኪቩ ሐይቅ፦ ስለ ትሪያትሎን ለጠየቃችሁኝ

ከሩዋንዳ ከተመለስኩ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ ኮምቦልቻ ታክሲ ስጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። «ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን የሠራኸው አንተ ነህ?» ይሉኛል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ በአንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። አሠልጣኝ አይደለሁም። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና። የተወዳደርኩት ሩባቩ ከተማ፣ ኪቩ ሐይቅ ዳር፣ አይረንማን 70.3 በሚባለው ውድድር ላይ ነው። በ7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨረስኩ።

ለመሆኑ ርቀቱ ስንት ስንት ነው? መሀል ላይ እረፍት አለ?

እረፍት የለም። ልብስና ጫማ ስትቀይር ራሱ ሰዓቱ ይቆጥራል። እኔ የሠራሁት ዋና 1.9፣ ብስክሌት 90፣ ሩጫ 21.1 ኪሎ ሜትር ነው። 70.3 የሚባለው ድምሩ በማይል ሲቆጠር ስለሆነ ነው፤ በኛ 113 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከፈረንጆቹ 2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ የምናየው ግን አጠር ይላል፦ 1.5፣ 40 እና 10። ለጀማሪ የሚሆነው ስፕሪንት ነው፣ የዚያ ግማሽ። ከሱ ጀምሩ። እኔ በቀጥታ ረጅሙ ውስጥ መግባቴ ልክ አልነበረም።

የደሴ ልጅ ዋና ከየት አመጣ? እኛ እኮ ውኃ የምናውቀው በባልዲ ነው።

እኔም እስከ 29 ዓመቴ እንደዚያው ነበርኩ። መጀመሪያ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ጀመርኩ። 25 ሜትር ሄጄ ጠርዙን ይዤ ሳለከልክ ሰው ሁሉ ያየኛል። በሩጫ 20 ኪሎ ሜትር የማይደክመው ሰው 25 ሜትር ውኃ እንዴት ይገድለዋል? ምክንያቱን የነገረኝ ሐይቅ ከተማ ያደገ፣ ከልጅነቱ ታንኳ ላይ የዋለ ልጅ ነው። «አየር እያጠረህ አይደለም፣ አየር እየሞላህ ነው» አለኝ። ለካ ፊቴን ውኃ ውስጥ ስከት ትንፋሼን ቆልፌ እይዛለሁ። ቀና ስል በዚያች ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም እፈልጋለሁ፣ አይደርስም። ሦስት ወር ሙሉ የሠራሁት ይህን ብቻ ነው። ወገቤ ድረስ ቆሜ፣ ፊቴን ከትቼ፣ በአፍንጫና በአፌ ቡልቅ ቡልቅ እያደረግኩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ከዚያ ጎን ዞር ብሎ አንድ ጊዜ መሳብ። በቃ። እጅና እግር በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ከዚያ ወደ ሐይቅ ሄድን። ከደሴ በሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙዎቻችሁ እስጢፋኖስን ልትሳለሙ ሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ከ80 ሜትር ያልፋል። ብቻችሁን እንዳትገቡ። እኔ ያለ ታንኳ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። ዳር ዳሩን ሣርና ቄጠማ ያለበት ቦታ ላይም አትቆዩ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት እንደዚያ ያለ ረጋ ያለ ውኃ ነው። በቆዳ ነው የሚገባው። በየዓመቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ እመረመራለሁ፣ መድኃኒት አለው።

እውነቱን ንገረን፣ ውድድሩ ላይ አልፈራህም?

ፈርቻለሁ። ገብቼ ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ከፊቴ ያለ ሰው ተረከዙ መነጽሬን መታው። የግራ ዓይኔ ውኃ ሞላ። ዙሪያዬን እጅና እግር ብቻ ነው። ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። በጀርባዬ ተገለበጥኩ፣ የሐይቁ ልጅ እንዳስተማረኝ። ሰማዩን እያየሁ 20 ትንፋሽ ቆጠርኩ። መነጽሬን አውልቄ ውኃውን ደፋሁና መልሼ አጠበቅኩት። አንድ ነገር እወቁ፣ ከደከማችሁ የሕይወት አድን ጀልባ ይዛችሁ ማረፍ ይፈቀዳል። ወደፊት እስካልገፋችሁ ድረስ ከውድድር አትወጡም። እኔ አልያዝኩም፣ ግን እንደሚፈቀድ ማወቄ ብቻ አረጋጋኝ። በ52 ደቂቃ ወጣሁ። እግሬ መሬት ሲነካ አለቀስኩ።

ልምምዱን በየትኛው መንገድ ነው የምትሠራው? መኪናውስ?

ሜዳ ስፈልግ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ። ዳገት ስፈልግ ሐረጎ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ከሥራ ወጥቼ እሱን ስወጣ የመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ላይ ብርድና ጉም ይቀበለኛል፣ ታች በካናቴራ የጀመርኩት ሰውዬ እላይ ስደርስ ጃኬት እፈልጋለሁ። ሐረጎን መውጣት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ መውረድ ነው። በክረምት፣ አስፋልቱ ረጥቦ፣ ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ፣ በጉም ውስጥ አትውረዱ። እኔ በዝናብ ከሆነ ብስክሌቴን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ነው የምወርደው። ለፍሬን ሸራ አትሳሱ፣ ሳያልቅ ቀይሩ። ከኋላ የሚበራ ቀይ መብራት ቀንም ቢሆን አብሩ። መንገዱ ሰላም ባልሆነ ሰሞን ደግሞ ቤት ውስጥ ነው የሠራሁት፣ የኋላ ጎማውን መቆሚያ ላይ ሰቅዬ። ይሰለቻል፣ ግን ይሠራል።

ውድ ብስክሌት ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። የኔ አዲስ አበባ የገዛሁት ያገለገለ የአስፋልት ብስክሌት ነው። ካቴናውንና ማርሹን ራሴ አጥቤ ዘይት እቀባለሁ። ከብስክሌቱ ይልቅ ደህና ሄልሜት ግዙ።

ቡድን ሆኖ ንፋስ እየተከላከሉ መሄድ አይቻልም እንዴ?

አይቻልም፣ ይህን ሳያውቁ የሚቀጡ ብዙ ናቸው። በዚህ ዓይነት ውድድር ከፊትህ ካለው 12 ሜትር መራቅ አለብህ። ልታልፈው ከጀመርክ ደግሞ በ25 ሰከንድ ውስጥ ጨርሰህ እለፍ። ዳኛ በሞተር ይከታተላል። ሌላው ሕግ፣ ሄልሜትህን ሳትቆልፍ ብስክሌቱን ከተሰቀለበት ማንሳት አይፈቀድም። ቀላል ይመስላል። እኔ ከውኃ ስወጣ ጣቶቼ ደንዝዘው የአገጩን ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ሳትኩት። በአራተኛው ቀጭ አለ። ቤት ውስጥ እጃችሁን ቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ ተለማመዱት፣ እውነቴን ነው።

ምን ትበላለህ? በሶ ይዘህ ሄድክ አሉ።

ይዤ ሄጃለሁ፣ አልተቆጨሁም! የተቆጨሁት ሌላ ነገር በመብላቴ ነው። ልምምድ ላይ የለመድኩት በሶ በማር፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጌበት፣ ቀጠን ብሎ ተበጥብጦ በጠርሙስ ነው። ከሱ ጋር ቴምር። ውድድሩ ላይ ግን በየጣቢያው የሚታደለውን ጄል፣ ማለትም በትንሽ ከረጢት የታሸገ ወፍራም ጣፋጭ፣ ሳይ፣ የሚያውቁት ሰዎች የሚበሉት ይሻላል ብዬ ሁለት አከታትዬ ዋጥኩ። ውኃም አልጠጣሁበትም። 60ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴ ተገለበጠ። ወርጄ መንገድ ዳር አስመለስኩ፣ 15 ደቂቃ እዚያ ሄደ። ሰውነት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መቀበል ይችላል ይባላል፣ ግን የለመደ ሆድ ነው የሚችለው። ላብ ለሚበዛባችሁ ከፋርማሲ ኦአርኤስ ግዙ። ርካሽ ነው፣ ጨውም ስኳርም አለው።

እኔ ሒጃብ ለባሽ ነኝ። ልወዳደር ብል ይከለክሉኛል? (ከኮምቦልቻ)

አይከለክሉሽም እህቴ፣ አብሽሪ። የዓለም ትሪያትሎን ሕግ ሒጃብንም ሰውነት ሙሉ የሚሸፍን ልብስንም ይፈቅዳል። ልብሱ ግን ውኃ የማይቋጥር ጨርቅ ይሁን። ሰፊ ጥጥ ውኃ ውስጥ ይከብዳል፣ አደገኛ ነው። አንቺን የሚያስቸግርሽ ሕጉ ሳይሆን የምትለማመጂበት ቦታ ነው። የሆቴሉን ኃላፊ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ጠይቂው። ሦስት አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ እሺ ሊል ይችላል።

በጾምና በረመዳን እንዴት ይሆናል?

እኔ በሁዳዴ ጠዋት ቀለል ያለ ሩጫ ብቻ እሠራለሁ፣ ከባዱን ወደ ማታ አዞራለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ በረመዳን ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ብስክሌት ይመታል። በጾም ሰውነት የያዘውን መጠበቅ እንጂ መጨመር አይታሰብም። ዋና ደግሞ ባዶ ሆድ ሆኖ ጥልቅ ውኃ ውስጥ፣ በፍጹም።

የደሴ ከፍታ አልጠቀመህም?

ጠቅሞኛል። እኛ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ኪቩ 1,460 ነው። ሩጫው ላይ ትንፋሽ ሞልቶኝ ነበር። ያነሰኝ እግር ነው። ከብስክሌት ወርዳችሁ ስትሮጡ እግራችሁ የናንተ አይመስልም፣ የመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች እንጨት ነው። መድኃኒቱ ልምምድ ላይ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ሐረጎን ወጥቼ ቤት ስደርስ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ሳልቀመጥ፣ በቦሩ ሜዳ መንገድ 3 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ልጄ ጫማዬን በር ላይ ይዞ ይጠብቀኛል።

ዕድሜዬ 54 ነው። አልፎብኛል?

ጋሼ፣ አላለፈብዎትም። ውድድሩ በ5 ዓመት ልዩነት በዕድሜ ተከፍሎ ነው፣ የሚወዳደሩት ከእኩዮችዎ ጋር ነው። ሩባቩ ላይ ፀጉራቸው የነጣ ሰውዬ አልፈውኛል። መጀመሪያ ግን ልብዎንና የደም ግፊትዎን ይታዩ። ከዚያ በዋና ይጀምሩ፣ ጉልበት አይጎዳም።

እዚሁ ሐይቅ ላይ ውድድር ቢዘጋጅስ?

ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነው። ዋናው ሐይቅ ውስጥ፣ ብስክሌቱ እስከ ደሴ ሽቅብ፣ ሩጫው ከተማ ውስጥ። የሚያስፈልገውን ጽፌ ይዣለሁ፦ ታንኳዎች፣ የሠለጠኑ ዋናተኞች፣ አምቡላንስ፣ ለጥቂት ሰዓት የሚዘጋ መንገድ፣ የውኃ ምርመራ። ከሁሉ በፊት ግን የሚዋኝ ሰው። አሁን የምንዋኘው አምስት ነን። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር፣ ታንኳዎቹ የሚቆሙበት ነን። ትርፍ መነጽር ሁለት አለኝ። ፎጣና ወፍራም ሹራብ ይዛችሁ ኑ፣ ስትወጡ ይበርዳችኋል።