«አይዞህ፣ አይናከስም!» በሰው ግቢ ስንሠራ ስለሚገጥመን ውሻ ጥያቄና መልስ

እንጀራዬ በሰው ግቢ ነው። ስድስት ዓመት አትክልተኛ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለቴ ተነክሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለቤቱ እዚያው ቆሞ «አይዞህ፣ አይናከስም» እያለኝ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ነገሩን በቁም ነገር ያዝኩት፤ አነበብኩ፣ የእንስሳት ሐኪምም የውሻ አሠልጣኝም እየፈለግሁ ጠየቅሁ። የከነከናችሁን ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ለሥራ የደወለልኝን ደንበኛ ስለ ውሻ ስጠይቅ ፈሪ የምመስል ይመስለኛል። እንዴት ብዬ ላንሳው?

መ፦ «ውሻ አላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ። «አለ፣ ግን አይናከስም» ትባላለህ፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል። እኔ የምለው «ስመጣ ውሾቹን የት ታስገቡልኛላችሁ?» ነው። ውሻ ከሌላቸው ይነግሩሃል። ካላቸው ደግሞ የግድ አንድ ቦታ መጥራት አለባቸው። በብዙ ቁጥር የምጠይቀውም በምክንያት ነው። አንዱ ደንበኛ «አስሬዋለሁ፣ ግባ» አለኝ፤ አልዋሸም፣ ወንዱ ታስሯል። ከቤቱ ጀርባ በቅርቡ የወለደች እናት መኖሯን ግን አልነገረኝም፤ እሱ «ውሻው» ሲል ወንዱን ብቻ ነው የሚያስበው። ቡችሎቿን የምትጠብቅ እናት ደግሞ በሌላ ቀን የዋህ ብትሆንም በዚያን ሰሞን ሌላ ፍጥረት ናት። የመጀመሪያዋ ንክሻዬ እሷ ናት፤ ጭኔ ላይ።

ስለ ፈሪነቱ፦ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው መብራቱን ሳያጠፋ ሽቦ አይነካም። በዚህ ምክንያት «ፈሪ» የተባለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጥ፦ ዕቃ አድራሽ ነኝ። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ግቢው ጭር ብሎ አገኘዋለሁ። ውሻ ቢኖር ይጮህ ነበር ብዬ እገባለሁ። ትክክል ነኝ?

መ፦ አይደለህም። ዝም ያለ ግቢ ውሻ የሌለበት ግቢ ማለት አይደለም፤ የተኛ፣ ወይም ዝም ብሎ የሚያይህ ውሻ ይኖራል። ውጭ ሆነህ በሩን አንኳኳ፣ ቁልፍህን አቅጭል፣ ትንሽ ቆይ። ዓይንህንም ሥራ ላይ አውለው፦ የውሃ ሳህን፣ መሬት ላይ የተጣለ ሰንሰለት፣ በአጥሩ ሥር ሣሩ ተረግጦ የተፈጠረ ቀጭን መንገድ፣ ታችኛው ክፍሉ የተቧጨረ በር። ከእነዚህ አንዱን ካየህ ስልክ ደውል፤ ባለቤቱ ይውጣልህ።

ጥ፦ ደርሼ ዕቃዬን ሳወርድ ውሻው ልቅ ነው። ባለቤትየው «ሕፃን ልጅ እንኳ ይጎትተዋል፣ ምንም አያደርግህም» ይላል። ምን ልበለው?

መ፦ ሰውዬው አይዋሽም፤ ችግሩም ይኸው ነው። የሚነግርህ እስከ ዛሬ ያየውን ነው። ያየው ደግሞ ውሻው ከሚያበላው ሰው ጋር ሲሆን የሚያሳየውን ጠባይ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? አንተ አላበላኸውም። ትከሻህ ላይ መሰላል ተሸክመሃል፣ ልብስህ ትናንት የሠራህበት ቤት ውሻ ይሸታል፣ የምትሄደው እሱ ወደሚጠብቀው ጓሮ ነው፣ ከዚያም ትጎነበሳለህ ወይም መሬት ላይ ትተኛለህ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያደርግ ሰው ውሻው አይቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ንክሻዬ እንዲህ ነበር። የወጥ ቤት ማጠቢያ ሥር በጀርባዬ ገብቼ እግሬ ብቻ ውጭ ቀርቷል። ውሻው ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቤ ተኝቶ እንደ ጓደኛ ነበር። መፍቻው ከእጄ አመለጠና ወለሉ ላይ ጮኸ፤ እኔም እሱን ላነሳ ድንገት እግሬን ሰበሰብኩ። ባቴን ያዘኝ። አላጓራም፣ አልጮኸም። ባለቤቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መጀመሪያ ያለችው «ይሄ ከዚህ በፊት አድርጎት አያውቅም!» ነው። አምናታለሁ።

ስለዚህ ስለ ውሻው ጠባይ አትከራከር፤ በክርክር አታሸንፍም፣ ሰውም ይቀየማል። ስለ ሥራህ ተናገር፦ «ጥሩ ውሻ መሆኑን አምናለሁ። እኔ ግን ዓይኔ ሥራው ላይ ስለሚሆን እሱን ማየት አልችልም። ሌላ ክፍል ይግባልኝና ስጨርስ እጠራዎታለሁ።» ከዚያ የመሣሪያ ሳጥንህን ሳትከፍት ቁም። ሳጥኑን ከከፈትክ ተስማምተሃል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተነሥቶ ውሻ አያስርልህም።

ጥ፦ ጭራውን እየቆላ ከመጣ ወዳጅ አይደለም እንዴ?

መ፦ ጭራ መቁላት ስሜቱ መነሣሣቱን እንጂ ፍቅሩን አይነግርህም። ሰውነቱን በሙሉ እያወዛወዘ፣ ጭራው ዝቅ ብሎ በሰፊው የሚቆላ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ደስ ብሎታል። ጭራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሞ ጫፉ ብቻ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ የደረቀ ከሆነ ግን ራቅ። ሳይደክመው ማዛጋት፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈር መላስ፣ ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ጥግ ማየት (የዓይኑ ነጩ ይታያል) «ጨንቆኛል» ማለት ናቸው። እኔ ከሁሉም የምፈራው ድንገት ድርቅ ብሎ የሚቆመውን ነው። የሚያጓራው ቢያንስ አስጠንቅቆሃል፤ ስላጓራ አትቆጣው፣ ባለቤቱም እንዳይመታው ንገረው። እየተመታ ማጓራት የተወ ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይለምዳል።

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው በሰው ግቢ ቧንቧ ጠግኖ አያውቅም።

ጥ፦ መጣብኝ እንበል። ያኔስ?

መ፦ አትሩጥ፤ በሩጫ አታመልጠውም፣ ማባረሩንም ታነሣሣበታለህ። ጎንህን ስጠው፣ ዓይን ዓይኑን አትይ፣ እጆችህን ሰብስብ፣ አትጩህ። በእጅህ ያለውን ነገር በመካከላችሁ አድርግ፦ የመሣሪያ ሳጥን፣ ባልዲ፣ አካፋ። ልትመታው ሳይሆን እንደ ግድግዳ ያዘው፤ አካፋ ሲነሣበት ተረጋግቶ የቆመውም ይብሳል። ከዚያ ጀርባህን ሳትሰጥ ቀስ እያልክ ወደ በሩ ወይም ወደ መኪናህ አፈግፍግ። ብዙ ውሻ የሚነክሰው ሰውዬው ዞሮ መውጣት ሲጀምር ነው፤ «ገባሁ፣ ምንም አላለኝም» ብለህ አትዘናጋ።

ከጣለህ በደረትህ ተኝተህ ተጠቅለል፣ ጣቶችህን ማጅራትህ ላይ ቆልፍ፣ በክንድህ ጆሮህንና ፊትህን ሸፍን። ክንድህን ይዞ ከሆነ በኃይል አትንጠቀው፤ ጥርሱ ከሚበሳህ ይልቅ መጎተቱ ሥጋህን ይቀደዋል። በሌላው እጅህ ጃኬት ወይም ቦርሳ አፉ አጠገብ አድርግለት፤ አንዳንዴ ለቆህ እሱን ይይዛል።

ጥ፦ በሰንሰለት የታሰረስ? ልብ ጥሎ መሥራት ይቻላል?

መ፦ መሬቱን እይ። የታሰረ ውሻ ሲዞር ሣሩን ጨርሶ አፈሩን ባዶ ያደርገዋል፤ የሰንሰለቱ ርዝመት እዚያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ክብ ሁለት እርምጃ ውጭ ቁም፤ አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ልል መሆኑንም ተመልከት፤ ወደ ኋላ ሲጎትት በጭንቅላቱ የሚያወልቅ አለ። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ መሸሽ የማይችል ደግሞ መጋጠም ብቻ ነው የሚቀረው። በክቡ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ካለህ ያስነሡልህ።

ጥ፦ አጥንት ወይም ብስኩት ይዤ ብሄድስ? በድምፅ ውሻ ያባርራል የሚባለው መሣሪያስ? በርበሬ የሚረጭ ጣሳስ?

መ፦ የሚበላ ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትስጥ፤ የሚያሳምመው ሊሆን ይችላል፣ ከታመመም ተጠያቂው አንተ ነህ። በዚያ ላይ አጥንቱን እግርህ ሥር ይዞ ይቀመጥና አንተ ስትንቀሳቀስ ሊቀሙኝ ነው ይላል። የድምፅ መሣሪያው አንዳንዱን ያስደነግጣል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎም አያየው፤ ሕይወቴን አላስይዝበትም። በርበሬው ባንዳንድ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ነፋሱ ወደ አንተ ከሆነ ደግሞ አንተም ውሻውም አብራችሁ ታለቅሳላችሁ።

ጥ፦ ሣር አጫጅ ነኝ። ማሽኑን ሳስነሣ ውሻው ማሽኑን ሊነክስ ይመጣል።

መ፦ ሞተሩን ወዲያው አጥፋ፤ ውሻው እስኪገባ አታስነሣው። ስለ አንተ ብቻ አይደለም፤ ምላጩ እግሩን ይወስደዋል፣ የሚፈናጠር ድንጋይ ዓይኑን። ሌላ የማይወራ ነገር፦ ከማጨድህ በፊት የውሻው ዓይነ ምድር ይነሣ። በክር የሚያጭደው ማሽን በትኖ ፊትህ ላይ ይረጨዋል፤ የጥገኛ ትል እንቁላልም አለበት።

ጥ፦ በር ሳልዘጋ ቀርቼ የደንበኛዬ ውሻ አምልጦ ወጣ። ተገኘ፣ ግን ተጣላን። ጥፋቱ የማን ነው?

መ፦ የአንተ። ያስገቡት ብለህ ጠይቀህ ልቅ ትተውት ከሆነ ወይም በሩ ራሱ የማይዘጋ ከሆነ ይለያያል፣ ሕጉም እንደየአገሩ ነው፤ ነገር ግን በር የከፈተ ይዘጋል። እኔ አሥር ጊዜ ዕቃ ባመላልስ አሥር ጊዜ እዘጋለሁ። ሌላ ጊዜ ካመለጠ ግን አታሳድደው፤ ጨዋታ ይመስለዋል ወይም ይደነግጣል፣ ሁለቱም ወደ መኪና መንገድ ይወስዱታል። ለባለቤቱ ደውል፤ በሚያውቀው ድምፅ ይጠራው።

ጥ፦ ትናንት አንዱ እጄን ጫር አደረገኝ፤ ደም ብዙም አልወጣም። ባለቤቱ ተከትቧል ብሎኛል። ሐኪም ጋ መሄድ አለብኝ?

መ፦ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ተነሥተህ ሂድ። አልቀልድም።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በምራቅ ውስጥ ነው፤ ቆዳ የተላጠበት ጭረት ይበቃዋል። ከቁስሉ በነርቭ እየተጓዘ ወደ አንጎል ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል፤ የፊትና የእጅ ቁስል ሊያፈጥነው ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል፤ ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በውሻ ለተነከሰ ልጅ ከሰጠው ጀምሮ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ይላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከ100 ጊዜ 99ኙ በውሻ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ እንደ ድሮው ሆድ ላይ የሚደረደር መርፌም አይደለም፤ ክንድ ላይ ነው፣ በተለያዩ ቀናት ይደጋገማል። ቁስሉ ጠለቅ ያለ ወይም ደም የወጣበት ከሆነ በዙሪያው የሚወጋ ሌላ መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን ይጨመራል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትህ የቆየ ከሆነም ንገራቸው።

ለሁላችሁም፦ በተነከሳችሁበት ደቂቃ ወደ ቧንቧ ሂዱ። በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰዓት ይዛችሁ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ዱቄት፣ ቅጠል፣ ቅባት አታድርጉበት፤ አጥብቃችሁም አትሰሩት። ባለቤቱ «ተከትቧል» ካለ ካርዱን ያሳያችሁ፤ ቀኑን በስልክ ፎቶ አንሡት። ውሻው 10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ በ10ኛው ቀን በሕይወት ኖሮ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሳችሁ ዕለት ቫይረሱ በምራቁ አልነበረም። ይህ ግን ሕክምናው የት ላይ ሊቆም እንደሚችል ለሐኪሙ የሚጠቅም ነው፤ እናንተ 10 ቀን ቁጭ ብላችሁ ጠብቃችሁ ልትጀምሩ አይደለም።

ጥ፦ እኔ በተቃራኒው ውሻ ያለኝ ሰው ነኝ። ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ስዘጋበት ያላዝናል፣ ያሳዝነኛል። ሌላ መላ የለም?

መ፦ መልካም ጥያቄ ነው፤ እንደ እርስዎ የሚያስብ ደንበኛ ቢበዛልን። የሚያላዝነው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳውን አይቶ ከተነሣሣ በኋላ ስለሚዘጋበት ነው። ሠራተኛው ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት በፊት ያስገቡት፤ ከዚያ በፊት ወጣ አድርገው ያንሸራሽሩት፣ የሚያኝከው ነገር ይስጡት፣ ክፍሉም ከሥራው ድምፅ የራቀ ይሁን። በሩን ይቆልፉት፤ ልጆች ያዝኑለትና ይከፍቱለታል። ይተዋወቁ ብለው አምጥተው አያሽትቱን፤ እኛም እንቸኩላለን፣ እሱም። የአፍ መሸፈኛም መልካም ነው፤ ግን በሌላ ቀን ቀስ በቀስ ያልለመደውን ውሻ በዚያች ዕለት ብታለብሱት ሥቃይ ነው።

ጥ፦ እምቢ ብል ሥራው ለሌላ ይሄድብኛል። ገና ጀማሪ ነኝ እህትህ።

መ፦ እህቴ፣ ይሄድብሻል፤ አልዋሽሽም። እኔም ሦስት ሥራ እንዲያ ሄዶብኛል። የቀነሰልኝ ነገር ቢኖር ቀድሞ መጻፍ ነው። ቀጠሮ ስይዝ እንዲህ የሚል መልእክት እልካለሁ፦ «ውሾች ከመድረሴ በፊት ይግቡልኝ። 15 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ ሌላ ቀን እመለሳለሁ፣ የመመላለሻው ይከፈላል።» በሩ ላይ ቆመው የሚናገሩት ነገር ቁጣ ይመስላል፤ ከሁለት ቀን በፊት የተጻፈው ግን ደንብ ነው፣ ሰውም እንደ ደንብ ይቀበለዋል። ለአሠሪ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ የነከሰም የቃጣም ውሻ ያለበትን አድራሻ መዝግቡት፤ ከአንቺ በኋላ የሚላከው ልጅ አያውቅም።

ጥ፦ የመጨረሻ፦ አንተ ራስህ ውሻ አለህ?

መ፦ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ጣሪያ የሚጠግን ወጣት መጣና በሩ ላይ መሰላሉን አቁሞ «አባት፣ ውሻውን የት ያስገቡልኛል?» አለኝ። «አይዞህ፣ አይና…» ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከመስኮት ሆና በሳቅ ፈነዳች። ሄጄ ጋራዥ ውስጥ ዘጋሁበት።