አጎቱ ቃል የገባለት ኢንሱሊን

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ዓይነት 1 ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ጠዋትና ማታ ልወጋው ስል ቤቱ ይታወካል፤ አሁን አሁን ደግሞ ከግራ ክንዴ ሌላ አላስወጋም ብሏል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ በስልክ «በአፍ የሚሳብ ኢንሱሊን አለ፤ ለገና ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ» ካለው ወዲህ ቀን ይቆጥራል። እውነት ከመርፌ ይገላግለዋል?
እናቱ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ከ16 ዓመቴ ጀምሮ የምወጋ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፋይዘር ኤክሱቤራ የተባለ የሚሳብ ኢንሱሊን አወጣ ሲባል እንደ ልጅዎ ቀን ቆጥሬያለሁ። መሳቢያው ግዙፍ ነበር፣ ዋጋውም ውድ፤ ገዢ አጥቶ በ2007 ከገበያ ወጣ።

ወንድምዎ አልዋሹም። እሳቸው የሰሙት አፍሬዛ የሚባለውን ይመስለኛል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲፈቀድ ለአዋቂዎች ነበር። ዱቄት ነው፤ መዳፍ ውስጥ በምትገባ መሳቢያ ወደ ሳንባ ይሳባል። ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ ምሳና እራቱን ይይዝ እንደሆን እንጂ ሌሊቱን አያሻግርም፤ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ያው በመርፌ ይወስዳል። አስም ላለበት ክልክል ነው፤ ለሌላውም ቢሆን ከመጀመሩ በፊት ሳንባው በመሣሪያ ይመረመራል። ያልተከፈተው እሽግ እንኳ ከፍሪጅ ከወጣ ከ10 ቀን በላይ አያገለግልም። በሻንጣ መጥቶ ለስንት ቀን ሊሆነው ነው?

እንክብሉስ እንዳይሉኝ፣ ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ያለ መርፌ በግፊት በቆዳ የሚያስገባ መሣሪያም አለ። አንድ ጊዜ ሞክሬው ሆዴ በልዞ ሰነበተ፤ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ።

ከደብዳቤዎ ያሳሰበኝ ግን ግራ ክንዱ ነው። አንድ ቦታ ሲደጋገም ከቆዳው ሥር ስቡ ያብጣል፤ እዚያ መወጋት ብዙም ስለማያም ልጆች ይወዱታል። እኔም ጭኔ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበረኝ፤ ነርስ ሆኜ እንኳ ለዓመታት ደብቄዋለሁ። ኢንሱሊኑ ከዚያ እብጠት አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን ባንዴ ይለቀቃል፤ ስኳሩም ያለ ምክንያት ይዋዥቃል። ዛሬ ማታ ክንዱን በጣትዎ ዳብሰው ይዩት። ጠጠር ወይም ወፈር ያለ ነገር ካለ በዚያ ቦታ መውጋት መቆሙ አይቀርም። ነገር ግን ቦታውን በራስዎ አይቀይሩ፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክሩ። ጤነኛ ቦታ ላይ ያው መጠን ስለሚበረታ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ ምናልባት መጠኑ ይቀነስለት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቶሎ ቶሎ ይለኩት፤ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃም ከአጠገቡ አይጥፋ።

ሕመሙን ለመቀነስ፣ ከፍሪጅ ወይም ከማሰሮ የወጣውን ብልቃጥ መዳፍዎ ውስጥ እያንከባለሉ ቅዝቃዜውን ያስለቅቁለት። ቆዳውን በአልኮል ከጠረጉት ሳይደርቅ አይውጉት፤ የሚያቃጥለው እሱ ነው። መርፌውም አዲስ ይሁን፤ የደነዘ ያማል። ዛሬ ሆድ ነው ጭን የሚለውን ደግሞ እሱ ይምረጥ፤ የእኔ እናት ይህን የፈቀደችልኝ ቀን ነው ለቅሶዬን ያቆምኩት።

ወንድምዎ ባዶ እጃቸውን እንዳይመጡ ካሰቡ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ያምጡለት። የአንዱ መለኪያ ስትሪፕ ለሌላው ስለማይሠራ የእናንተን መለኪያ ፎቶ አንስተው ይላኩላቸው።